ክፍል ሰባትን ለምን እንዳጠፋሁት

«እንኳን ደስ አለሽ» የምትሉኝ ሰዎች፣ በአላህ ተዉኝ!

ፎቶዎቹ እንደሚያምሩ አውቃለሁ። አበባ ታቅፌያለሁ፣ ጥርሴ እስከ መንጋጋዬ ይታያል፣ ከኋላዬ ባነር ተሰቅሏል። ግን ሁሉም የተነሱት ነገሩ ከመሆኑ በፊት ነው።

ከሆነ በኋላ ያነሳኝ ሰው ካለ... እባክህ አትልቀቀው። ወይም ልቀቀው። ይገባኛል።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። መርሳ ከተማ ነው የምኖረው። ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ ተከታታይ ድርሰት እቀዳለሁ። ብርድ ልብሱ የባጃጅ ጥሩንባ እንዳይገባ ነው። «ስቱዲዮሽ የት ነው?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የነበራችሁ፣ አልጋዬ ላይ ነው!

ድርሰቱ «ከመጨረሻው ፔሬድ በኋላ» ይባላል። የወጣቶች ሳይንስ ፊክሽን ነው። አንዲት ጸጥ ያለች ከተማ አለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮረብታው ላይ ያለው የኔትወርክ ታወር ማጉረምረም ይጀምራል። ዝም ሲል አንድ ተማሪ ጠፍቷል።

የሚያስፈራው ግን መጥፋቱ አይደለም። ታወሩ የወሰደውን ልጅ ከተማው በሙሉ ይረሳዋል። አስተማሪው ይረሳዋል። ጎረቤቱ ይረሳዋል። እናቱ ሳትቀር ትረሳዋለች።

የማይረሱት ሦስት የክፍል ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። የጠፋው ልጅ ዮናታን ይባላል። እነሱም ይፈልጉታል።

ክፍል ሦስት ላይ ሁላችሁም ያለቀሳችሁበት ቦታ አለ አይደል? የዮናታን እናት ደጃፏ ላይ የወንድ ልጅ ጫማ ታገኛለች። የማን እንደሆነ አታውቅም። ግን መጣል ያቅታታል። በየሳምንቱ አርብ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች።

ኮሜንቱ ጎረፈ። «ከየት ነው የምታመጪው እህት?»

እኔም ምን ብዬ መለስኩ? «እንጃ፣ ዝም ብሎ ይመጣልኛል» ከነልብ ኢሞጂው።

ውሸታም!

ጸጉር ቤት ነው ያገኘሁት። የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ ቁጭ ብያለሁ። ከጎኔ ያለችው ሴት ለጓደኛዋ ታወራለች። ውርጌሳ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት አሉ አለች። ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ በየጁምዓው ጫማውን ያጥቡለታል።

ጓደኛዋ «ያ ረቢ!» አለች።

እኔ «ዋው!» አልኩ። በልቤ። ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩት።

የእናትየውን ስም አልጠየቅኩም። የልጁንም አልጠየቅኩም። የካስኩን ሙቀት ነው የቀነስኩት።

እሺ፣ ወደ ዛሬ።

ወልድያ ያሉ የንባብ ክበብ ልጆች ጋበዙኝ። አዳራሽ ተይዞልኛል። ባነር ታትሞልኛል። ከእህቴ ተረከዘ ረጅም ጫማ ተዋስኩ። ከመርሳ ከመነሳቴ በፊት የመጨረሻውን፣ ክፍል ሰባትን፣ ለቀቅኩት። «የሲዝኑ መጨረሻ! መሀረብ አዘጋጁ!» ብዬ።

ደርሼ ባነሩን ሳየው «የሳይንስ ፍቅር ደራሲዋ እንኳን ደህና መጣሽ» ይላል።

የሳይንስ ፍቅር! ፊክሽን ነው ወንድሞቼ! አስተባባሪው ልጅ አንገቱን እያከከ «ማተሚያ ቤቱ ነው» አለኝ። እኔም ማተሚያ ቤትን በደንብ ስለማውቅ አመንኩት።

የቀኑ ውርደት ይቺ መስላኝ ነበር። ምስኪን እኔ።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። አዳራሹ በተማሪ ጢም ብሏል። ምንባብ አነበብኩ፣ ተጨበጨበ። ጥያቄ ተከፈተ። አንዱ ስለ ታወሩ ፍሪኩዌንሲ ጠየቀኝ፤ ምን እንደመለስኩ አላውቅም፣ ግን ተጨበጨበ። ፊዚክስ ከC በላይ አምጥቼ እንደማላውቅ ማንም አልጠረጠረም።

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሱ። ጥቁር ሻሽ ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ፣ ፌስታል የያዙ። አስተባባሪዎቹ ማይክ ሊያቀብሏቸው ሲሄዱ በእጃቸው መለሱት። ድምፃቸው ያለ ማይክ ይሰማል።

«ያ ልጅ ይመለሳል ወይ?» አሉ።

እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! እናቶች ሳይቀሩ ይሰሙኛል ማለት ነው! ፈገግ ብዬ፣ ማይኩን ጠጋ አድርጌ፣ ልክ እንደ ማስታወቂያ ሠራተኛ፣

«ሲዝን ሁለትን መጠበቅ ነው እናቴ!» አልኩ።

ጭብጨባ።

«እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። «ፋን ማለት እንዲህ ነው!» አልኩ። ወላሂ ብያለሁ። በማይክ።

እሳቸው አልሳቁም።

«ከጦርነቱ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው» አሉ። እጃቸውን ፌስታሉ ውስጥ ከተው ጫማ አወጡ። የተማሪ ሸራ ጫማ። ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ የሄደ። «ይኸው ጫማው። ስሙን ቀየርሽበት እንጂ ልጄ ነው። ኑረዲን ነው ስሙ። ያለበትን የማታውቂ ከሆነ ጫማውን በምን አወቅሽው?»

ሳቁ ቆመ። ቀስ በቀስ አይደለም። እንደ መብራት ነው የጠፋው።

እኔስ ምን አደረግኩ? ወርጄ እጃቸውን ያዝኩ? ይቅርታ ጠየቅኩ?

አልጠየቅኩም። ማይኩን በመዳፌ የሸፈንኩ መስሎኝ ወደ አስተባባሪው ዘወር አልኩና «ማነው ያስገባት?» አልኩ።

ማይክ በመዳፍ አይዘጋም። ይኼን ከኔ ተማሩ።

«ማነው ያስገባት» በሁለቱም ስፒከር ወጣ። «ያስገባቸው» እንኳ አይደለም። ያስገባት! አንዲትን እናት፣ ከእናቴ በእድሜ የሚበልጡ ሴት፣ በሕዝብ ፊት!

ፊት ወንበር ላይ የነበረች አንዲት ተማሪ ብድግ አለች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስትቀርጸኝ የነበረች ናት። ስልኳን ኪሷ ከተተች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሴትየዋን ክንዳቸውን ደግፋ ይዛቸው ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ።

ያንን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ደራሲ ነኝ ባይ ደግሞ እኔ!

ተከተልኳቸው። ከመድረኩ ስወርድ የእህቴ ጫማ ተረከዙ ተሰብሮ ቀረ። በአንድ እግር ረጅም፣ በአንድ እግር አጭር ሆኜ፣ እያነከስኩ አዳራሹን በሙሉ አቋረጥኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

መናኸሪያ ደረስኩባቸው። ወደ ደሴ መስመር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል። ልጅቷ በመስኮት ውሃ አቀብላቸው እኔን ሳታናግረኝ ሄደች።

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰላም አልኳቸው፤ ይመልሱልኛል አላልኩም ነበር።

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉ። «እግርሽ ምን ሆነ?»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ምክንያቱ ገባችሁ? በዚያ ሁሉ መሃል እግሬን አዩልኝ።

ስማቸው ዘሀራ ነው። እትዬ ዘሀራ። እንዴት እንደሰሙኝ ነገሩኝ። መርሳ ገበያ ወጥተው ባጃጅ ይሳፈራሉ። የባጃጁ ሹፌር የኔን ድምፅ ከፍቷል። ጫማው ጋ ሲደርስ ባጃጇም ከመውረጃቸው ትደርሳለች። «አልወርድም አልኩት» አሉ። «እስኪያልቅ አዙረኝ አልኩት።» ከዚያ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የናንተ ብጤ ተከታዬ ናት፣ ሁሉንም ክፍል ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። ዛሬ ወልድያ እንደምመጣ የነገረቻቸውም እሷው ናት።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ፈጠራ ነው። ስለ ኑረዲን የማውቀው ነገር የለም። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ፈጠራ መሆኑን አጣሁት? አላጣሁትም» አሉ። «ጧት ስነሳ ግን ምናልባት አልኩ። ሰው ምናልባት ይላል።»

መኪናው ሞልቶ ተነሳ።

ኑረዲን እንዴት እንደሄደ ሲሪንቃን እያለፍን ነው የነገሩኝ። ጦርነቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ተራራው ሸሸ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጫማው ርሶ ደጃፍ አስጥቶት ነበር፤ ባዶ እግሩን ወጣ። መንገድ ከተጋመሰ በኋላ ጥጃዋ መቅረቷን አስታወሰ። «መጣሁ እማ» ብሎ ተመለሰ። አሥረኛ ክፍል ነበር።

በቃ። ይኼው ነው። ታወር የለም፣ ማጉረምረም የለም። ጥጃዋ ብቻዋን ተገኘች።

«ጎረቤቱ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይለኛል፣ ዱዓ ያደርግልኛል፣ ያልፋል» አሉ። «አልፈርድበትም፣ ያልጠፋበት ሰው የለም። ፈላጊው ግን ቀረ። ቀበሌ መመላለሱ ሰለቸኝ፣ ወንድሞቹም መፈለግ ሰለቻቸው። የሚፈልጉት ያንቺ ልጆች ብቻ ናቸው። እነዚያ ሦስቱ። ልብስ ሳጥብ እከፍታቸዋለሁ። ዛሬም እየፈለጉት ነው እላለሁ።»



«አንድ ነገር ግን ውሸት ነው» አሉ ቀጥለው። «እናቱ ረሳችው አልሽ። አትረሳም። ምን ዓይነት መሣሪያ ቢመጣ አትረሳም። እሱን አስተካክይው።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ምን አለኝ?

«የዛሬውስ ወጥቷል አይደል? እሱን አልሰማሁትም። አሰሚኝ እስቲ።»

ክፍል ሰባት።

ክፍል ሰባትን የሰማችሁ አሁን «ኡፍ!» ብላችኋል። ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ሦስቱ ጓደኛሞች ታወሩ ሥር ያለውን በር ያገኙታል። ዮናታን ውስጥ ነው፤ ድምፁ ይሰማል። ነገር ግን በሩ ክፍት ከሆነ ታወሩ ሌሎች ልጆችንም ይወስዳል። ስለዚህ ይዘጉታል። እሱን ውስጥ ትተው። ከዚያ እነሱም ይረሱታል። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ሦስቱ እየሳቁ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እንደወትሮው።

በዚህ ትዊስት እንዴት ኮርቼ ነበር!

«ኔትወርክ የለም እትዬ ዘሀራ» አልኩ። ስልኬን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ የምፈልግ ሁሉ መሰልኩ። ሦስት መስመር ኔትወርክ እያየሁ!

ሹፌሩ በመስታወቱ ቀና ብሎ አየኝ። ወጣት ነው።

«አንቺ... ድምፅሽ! የታወሯ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እኔ እኮ ጧት አውርጄዋለሁ፤ ሳልሰማው ነው የቆየሁት። ሰው ሁሉ ይስማው!»

«አይ፣ ተወው፣ ሌላ ጊዜ...»

ከፈተው።

በመኪና ስፒከር፣ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ።

በዚያ ሰዓት የራሴን ድምፅ እንደጠላሁት ምንም ነገር ጠልቼ አላውቅም። ያ ስስ፣ ያ የሚንቀጠቀጥ፣ ሆን ብዬ አሳዛኝ የማደርገው ድምፅ! እትዬ ዘሀራ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ልጆቹ በሩን ሲያገኙት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ዮናታን ከውስጥ ሲጣራ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

በሩ ተዘጋ።

የበሩን ድምፅ ያወጣሁት በፎቶ ኮፒ ቤታችን የላሜራ በር ነው። ሦስቴ ነው የቀዳሁት፣ በደንብ እንዲያስደነግጥ። አስደነገጠ።

«አቦ!» አለ ሹፌሩ መሪውን እየመታ። «ምን ዓይነት አጨራረስ ነው!» ከኋላ አንዱ «አንደኛ ነሽ!» አለኝ።

እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሱ።

«ዘጉት?» አሉ።

«አዎ።»

«ውስጥ እያለ?»

«አዎ።»

«ማን አዘዛቸው?»

ይኼን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። በዚያ አዳራሽ ስለ ፍሪኩዌንሲ፣ ስለ አጻጻፍ ስልት፣ ስለ ኢንስፓይሬሽን ተጠይቄያለሁ። ማን አዘዛቸው የሚል ጥያቄ ግን አልመጣም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። 

ረዳቱ «መርሳ ወራጅ!» አለ። የኔ መውረጃ ነው። አልወረድኩም። ለምን እንዳልወረድኩ አላውቅም፤ ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ከወረድኩ ታሪኩ እዚያ ላይ የሚያበቃ መሰለኝ፣ እንዲያ እንዲያበቃ አልፈለግኩም።

ውርጌሳ አብረን ወረድን። የተሰበረውን ጫማ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። አስፋልቱ ይፋጃል። እትዬ ዘሀራ ቤት ግቢ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። መንገድ ዳር ቆሙ።

«ሂጂ ልጄ፣ መኪና ሳይጠፋ» አሉ።

«ስለ ኑረዲን ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ጸባዩን። ምን እንደሚወድ።»

ትኩር ብለው አዩኝ።

«ለምን? ልትጽፊው?»

«አይ» አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን «አይ» ስል እኔ ራሴ አላመንኩኝም። አእምሮዬ ውስጥ የሆነች ትንሽዬ ነገር «ዋው» ልትል ጓጉታ ቁጭ ብላለች። አውቃታለሁ። እትዬ ዘሀራም ያዩዋት ይመስለኛል።

ቢሆንም ነገሩኝ። ፀሐይ ላይ ቆመን ብዙ ነገሩኝ። አንዳንዱ ያስቃል፤ እሳቸውም ሳቁ። ሲጨርሱ «ይኼን እንዳትጽፊው» አሉ።

ስለዚህ አልጽፈውም። ኮሜንት ላይ አትለምኑኝ። ክፍል ሰባትንም ወደ መርሳ ስመለስ መንገድ ላይ አጥፍቼዋለሁ። «መጨረሻው የት ገባ?» እያላችሁ ነው። መጨረሻውን አላውቀውም። አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ለዚህ ነው የተዋረድኩት።

መንገድ ዳር ከነገሩኝ ውስጥ እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ይኼን ብቻ ነው። ኑረዲን ይባላል። ከውርጌሳ ነው። ቀጠን ያለ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ልጅ ነው። ግንባሩ ላይ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ የቆየ ጠባሳ አለው። ፎቶውን ከታች አድርጌያለሁ፤ እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። በየትኛውም ቦታ፣ በየትኛውም መንገድ ያየ ወይም የሰማ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ክፉም ቢሆን። ክፉውንም መስማት እንደሚፈልጉ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «እሱንም ቢሆን» ብለዋል።

ይኼን በኋላ የጨመርኩት ነው፤ ፖስቱን ከለቀቅኩት ትንሽ ቆይቷል። እስካሁን ያሉት ኮሜንቶች «የሲዝን ሁለት ማስታወቂያ ነው?» የሚሉ ናቸው።

አይደለም! ግን ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አይደለሁ እንዲህ ያስለመድኳችሁ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሌለ ልጅ፣ አልጋዬ ላይ ለፈጠርኩት ልጅ፣ «ይመለሳል ወይ?» እያላችሁ ገጹን ሞልታችሁልኛል። ለነበረው ልጅስ አንድ ሰው አይጠይቅም?

ይቅርታ። ላለው ልጅ። እናቱ «ነበር» ሲባል አይወዱም።